ሩብ ዙር

ከጅጋ ገበያ ጀርባ፣ ከእህል መጋዘኑ ሥር፣
አራት ክረምት ቆሟል የአባቴ ትራክተር፤
በቤንዚን ተነስቶ በላምባ የሚሄድ፣
አገሩ ናፍጣን ገና ሳይለማመድ
የብርን ቆላ ያረሰ፣ ድንጋይ የገለበጠ፤
ቀይ ነበር ቀለሙ፤ ፀሐይ ልጦት ሄደ፣ ዝገት ተቀመጠ።

ወንድሜ ይሁኔ፣
«ቆራሌው ይውሰደው፤ ቅዳሜ ይመጣል፤
በኪሎ ሲመዘን ከበሬ ይበልጣል» አለኝ።
እኔ ግን ካንዴላውን ልፈታ ወጣሁ፣ ማልጄ፣
የአባቴን ቁልፍ ይዤ፣ ከማንም ሳልማከር፣ በእጄ።

ሁለቱ እሺ ብለው ዞረው ተፈቱልኝ፤
ሁለቱ፣ ከቴስታታው ጋር በዝገት ተጋብተው፣ እምቢ አሉኝ።

ማንም አላየኝም።
የቁልፉን እጀታ በቧንቧ አስረዝሜ፣
ከጎማው ላይ ወጥቼ፣ በሁለት እግሬ ቆሜ፣
ሳብሁት።
ቀጭ!
ሸንበቆ ሲሰበር እንዲህ ነው ድምፁ።
ነጩ ሸክላ እጄ ላይ፤ ብረቱ ከውስጡ
ነክሶ እንደያዘ ቀረ።
ያልተማረው እጄም ወደ ሁለተኛው ዞረ።
ያኔ ነው መዳፌን አንድ ነገር የወጋኝ፤
በጨርቅ አሰርሁት፤ «ማጭድ ነው» አልሁ ለጠየቀኝ።

ሐሙስ፣ አያ አንማው ከደምበጫ በባጃጅ ደረሰ፤
ሁለት ጣቱ ጎዶሎ፣ ኮቱ ግራሶ የለበሰ።
በመስታወት ስባሪ ፀሐይን ጉድጓዱ ውስጥ ላካት፤
ስብራቷን በአውራ ጣቱ ዞሮ ለካት።
«ማን ሰበረው?» አላለኝም።
«አባቴ ነው፣ ድሮ» ስለው፣ ቀና ብሎ አላየኝም።
«ቸኩሏል» አለ ብቻ።

የዚያን ቀን ሥራው ይኸው ነበር፦
ናፍጣና የፍሬን ዘይት ቀላቅሎ በጣሳ፣
በዶሮ ላባ ጫፍ ጠብ አደረገበት፣
እንደ ዐይን መድኃኒት፣ እጁ እየሳሳ።
«ቅዳሜ እኮ ቆራሌው...» አልሁት።
«ብረት ሲጠማ ነው የሚናከሰው።
ይጠጣ። ይደር። ነገም ቀን ነው።»

በማግስቱ ማኒቬላውን አዙሮ ፒስቶኑን ወደ ላይ አመጣ፤
የብስክሌት ሽቦ ግራሶ አስነክሶ ስባሪ ሸክላ አወጣ።
አንድ በአንድ፣ እንደ እሾህ፣ ነጠላዬ ላይ ደረደረ፤
እንደ ፈረሰ ቤት መልሶ ሊገጥም ሞከረ።
አንዲት ስንዴ የምታህል ቦታ ባዶ ቀረች።
«ይች ውስጥ ገብታ እንደሁ ቺሊንደሩን ፍቃ ትጨርሰዋለች፤
ቴስታታው ይነሳል፤ ሦስት ቀን ይፈጃል።»
ነገ ቅዳሜ ነው። ቆራሌው ይመጣል።

ዝም ብዬ ቆየሁ።
ከዚያ የመዳፌን ጨርቅ ፈታሁ።
አብጧል፤ መሐሉ ላይ ነጭ ነጥብ አለ።
አያ አንማው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ፤
በዚያው ፒንሳ፣ በዚያው ዝምታ፣
ነቀላት ካለችበት ቦታ።
ደሟን በኮቱ ጠርጎ ከባዶው ገጠማት።
ልክ መጣች።

«አባትሽን አውቀዋለሁ» አለኝ፣
«ያ ሰው አይቸኩልም ነበር።»
ሌላ ቃል አልጨመረም።

የሞረድ ጭራ ጉድጓዱ ውስጥ ሰደደና
መታ፣ በቀስታ፤
አራቱ ማዕዘን ቀለበቱን ነከሰ።
ቁልፉን ለእኔ አቀበለኝ።
«ሩብ ዙር ወደ ግራ። ሲጮህ መልሽ ግማሹን።
ደግሞ ሩብ። ደግሞ መልሽ። አታስደንግጭው ብረቱን።»

ሩብ።
መለስሁ።
ሩብ።
የዝገት ዱቄት ወረደ፣ ቀይ ጤፍ መስሎ።
ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርሁም፤
ጥላችን ግን ከጎማው ተነስቶ መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ወጥቶ ነበር።
እንደ ወለቀ የበሬ ጥርስ እጄ ላይ ከበደ።

ሁለተኛው የወጣው ሲመሽ ነው።
ወዲያው ዝናቡ ጀመረ፣ ወፍራም ወፍራሙ፣ ነጠላ ነጠላው።
ያለን ጆንያ ለሦስቱ ቀዳዳ ብቻ በቃ፤
ለአራተኛው የቆሰለ መዳፌን ከደንሁበት።
አያ አንማው ሳይነግረኝ
ማኒቬላውን አንዴ ቢያዞረው፣
ከውስጥ ገፋኝ፤
የከረመ ላምባ የሚሸት
ትንፋሽ።